ሎት አርባ ሦስት

ሐረጎን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣
ከደሴ የያዝኩት ስስ አየር ታፈነ።
ቁልቁል በወረድን ቁጥር አየሩ ይወፍራል፣
ኮምቦልቻ ሲደርስ በማንኪያ ይዛቃል።
በደረት ኪሴ ውስጥ ሲፒኦ አጥፌያለሁ፣
ጦይባን «ለቆርቆሮ ነው» ብያታለሁ።
አልዋሸሁም ያን ያህል፤
የጉምሩክ መጋዘን ቆርቆሮም ይሸጣል።

ማስታወቂያው እንዲህ ነበር የሚል፦
«ሎት አርባ ሦስት። ልዩ ልዩ ብረታ ብረት።
የስፌት መኪና እግር፣ ሚዛን፣ ያገለገለ ፓምፕ አንድ።»
ፓምፕ!
ማክሰኞ ለእይታ ገብቼ፣
ከሚዛኑ ሥር አየኋት፣ ዐይኔን አሻሽቼ።
አፈሙዟ ወደ ውስጥ የሚገፋ፣
ጎኗ ላይ የተቀረጸው ስም ግማሹ የጠፋ፣
ጀርመን ሠራሽ፣ አባቴን በዕድሜ የምትበልጥ፣
ባሩድ ሸትቷት የማያውቅ፣ በትንፋሽ የምትመታ ሽጉጥ።

ቤት ስድስት አሉኝ።
አንዷ ከአሮጌ ሆቴል ዕቃ ቤት የወጣች፣
አንዷ ባዛር ለባዛር ኢላማ ስታስመታ ያረጀች፣
አንዷን ከጥርስ ሐኪም በግድግዳ ሰዓት ለወጥኩ፤
«ምን ይሠሩልሃል?» ሲሉኝ መልስ አጥቼ ሳቅኩ።

ከተማው ጭር ባለበት በዚያ ክፉ ወር፣
ደጄ ተደበደበ፣ ፍተሻ ነበር።
«መሣሪያ?» አሉኝ። «ስድስት» አልኩ፣ ጉልበቴ ከዳኝ።
አንዱ ልጅ፣ ጢሙ ገና ያልጠና፣
አንዷን አንሥቶ አገላብጦ አየና፣
የምስር ፍሬ የምታህል እርሳሷን መዳፉ ላይ አኖረና፣
«ኧረ ይቺ ሰው አትገድልም!» ብሎ አልጋ ላይ ወረወራት።
ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አይቷታል፤ እንደዚያ ያመሰገናት
የለም።

ሐራጅ ባዩ ጉሮሮውን ጠረገ።
አራጋው ሙህዬ፣ ቆራሌው፣ የፊት ወንበር ያዘ።
እሱ ብረት በኪሎ እንጂ በስም አያውቅም፣
ለሱ የሰዓት ሆድ ከድስት ቂጥ አይለይም።
«ሦስት ሺህ!» አለ። «ሦስት ተኩል!» አልኩኝ።
«አራት!» አለ፣ ዞሮም አላየኝ።
«አራት ተኩል!» አሁን ዞረ፤
እጄ ሲንቀጠቀጥ አየና አደረ
ዐይኑ እዚያው፣ ጣቶቼ ላይ።
«አንደኛ! ሁለተኛ!»
አራጋው አፉን ከፈተ፣
ልቤ ቀጥ አለ፣
እና አዛጋ።
«ሦስተኛ!»

ደረሰኙ እስከዛሬ «ፓምፕ» ይላል። እኔም አላረምኩም፤
አየር ነው ሥራዋ፣ ጸሐፊው ብዙም አልተሳሳተም።

ደሴ፣ ፒያሳ፣ ከሱቄ መዝጊያ ጀርባ፣
ፈታኋት በሰዓት መፍቻ፣ ሌሊቱ እስኪጠባ።
ፒስተኗ ጫፍ ላይ ያለው ቆዳ ደርቋል እንደ ቋንጣ፣
የሰማንያ ዓመት ትንፋሽ በስንጥቁ የወጣ።
የፍየል ቆዳ ቆረጥኩላት፣ የሳንቲም ያህል ክብ፣
በኑግ ዘይት ዘፈዘፍኩት ጠጥቶ እስኪጠግብ።
ስገፋት ተነፈሰች፤
የኮምቦልቻን ወፍራም አየር ትፍ ብላ የጦሳን ጎረሰች።
ግን ማነጣጠሪያዋ የለም። አፍንጫ የሌለው ፊት
ታውቃላችሁ? እንደዚያ አስቀመጥኳት።

በሦስተኛው ሳምንት አራጋው መጣ፣
ከኪሱ በፌስታል የተጠቀለለች ነገር አወጣ።
«ሎት አርባ አራትን ስበትን፣ ከብሎኑ መሀል ነው ያገኘኋት፤
ብረትነቷን አውቃለሁ፣ የማን ልጅ እንደሆነች አጣኋት።»
ማነጣጠሪያዋ!
«ስንት?» አልኩት። ድምፄ አሳበቀብኝ።
ከሎቱ የመጣውን ሚዛን አስወረደኝ፣
አስቀመጣት። ሚዛኑ ዝም።
እንደገና አስቀመጣት። ዝም።
«እንግዲህ» አለ፣ «ሚዛን ያልደፋውን አልሸጥም።
ግን አንዴ አስተኩሰኝ።»

ቆርኪ አቆምንለት መደርደሪያው ጥግ፣
ጎንበስ አለ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ እሷም ያዘች፣
«እፍ» አለች።
ሳተ። የሱቄን መዝጊያ ቆርቆሮ አስጮኸው።
ጦይባ ከጓዳ፣ «ምንድነው?»
ተያየን።
«ቆርቆሮ ነው» አልናት፣ ሁለታችንም።